ድንኳኑን የተከልሁት እኔ ነኝ

በዚያ እሑድ በድንኳኑ ውስጥ ከእኔ ሌላ የነበሩትን በቅድሚያ መዘርዘር ይገባኛል። እትዬ ዘነበች፣ የምግብ ቤት ባለቤትና የደሴት ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር፤ አቶ ተስፋይ፣ አሥመራ ተወልዶ አዲስ አበባ የተማረ፣ እዚህ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥና በዳማ ጨዋታ ባላጋራዬ የሆነ፤ ማክዳ፣ ናይሮቢ ተወልዳ ያደገችና ጊጊሪ በሚባለው ሰፈር የምትሠራ የጎረቤቴ ልጅ፤ አቶ ግርማቸው፣ ከእኔ ጋር ከተነጋገረ አራት ዓመት ያለፈው ነጋዴ፤ ከቲካ ከተማ ድረስ ማታቱ በሚባለው ሚኒባስ የመጡ አንዲት እማማ፤ በሩ ላይ የዕለቱ ተተኪ ዘበኛ፤ ከእነዚህም በቀር ስማቸውን የማላውቀው መቶ አርባ ያህል ሰዎች። እኔም ነበርሁ፤ ምንም እንኳ ከተገኙት አብዛኞቹ የመጡት የለም ብለው ቢሆንም።

ደሴት የምንላት ኪሊማኒ በተባለ የናይሮቢ ሰፈር ውስጥ ያለች መውጫ የሌላት አጭር መንገድ ናት። አራት አሮጌ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንጻዎችና በመካከላቸው አንድ የጋራ ሣር አላት፤ ዙሪያዋን እየረዘሙ የሚሄዱ አፓርታማዎች ከብበዋታል። ዝናብ በጣለ ቁጥር ጎርፉ በሦስት ወገን ይዞራትና ከከተማው ትለያለች፤ ስሟም ከዚያ መጣ። ዕድሜዬን ሁሉ ጂኦግራፊ ያስተማርሁ ሰው እንደ መሆኔ፣ በሦስት ወገን ብቻ በውኃ የተከበበ መሬት ደሴት ሳይሆን ባሕረ ገብ መሬት እንደሚባል አውቃለሁ። በዐሥራ አንድ ዓመት ኑሮዬ ግን ይህን ለማንም አልተናገርሁም። ራሴን ይህን ያህል መግዛት በመቻሌ እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

ስለ ሌላም ነገር ቢሆን ብዙ አልተናገርሁም። ለምን ወደዚህ ከተማ እንደ መጣሁና ለምን ብቻዬን እንደ መጣሁ የሚጠይቀኝ ሰው እንዳይኖር ስል ቀድሜ ዝም አልሁ፤ ዝምታውም ውሎ አድሮ ለመደኝ። ዝም ያላልሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከአራት ዓመት በፊት አቶ ግርማቸው በአንድ ሠርግ ላይ ቆሞ፣ የኬንያው የጣና ወንዝ የሚመነጨው ከእኛው የጣና ሐይቅ እንደ ሆነና ሁለቱን ሕዝቦች ያስተሳሰረው ይኸው ውኃ እንደ ሆነ ሲናገር ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔ ከመቀመጫዬ ተነሣሁና ለዐሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ነገሩ እንዴት ሊሆን እንደማይችል ከመሬቱ አቀማመጥ ጋር አስረዳሁ። ሙሽሮቹ ቆመው ጠበቁኝ። ከዚያ ቀን በኋላ አቶ ግርማቸው እኔን ሲያይ መንገድ ይሻገራል፤ መንገዷ ግን ጠባብ ስለ ሆነች ተሻግሮም ጎን ለጎን ነው የምናልፈው።

የደሴት ቀን የሚከበረው በየዓመቱ የፍልሰታ ጾም ከተፈታ በኋላ በሚውለው የመጀመሪያው እሑድ ነው። ጊዜው ክረምት ነው፤ የኬንያ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ልጆች ቤት የሚውሉበት፣ ናይሮቢም ፀሐይን በስም ብቻ የምታውቅበት ወራት። በመጣሁበት ዓመት በዓሉ ሲከበር ሣሩ ከሰው ብዛት አይታይም ነበር። እኔ ከሦስተኛው ፎቅ ሰገነቴ ሆኜ በየዓመቱ የሰውን ቁጥር በማስታወሻዬ ላይ እመዘግባለሁ፤ ለምን እንደምመዘግብ አላውቅም፣ ልማድ ነው። ቁጥሩ ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ሄዶ አምና ሠላሳ አንድ ደረሰ። ከሠላሳ አንዱ ውስጥ ዘጠኙ ሕፃናት ነበሩ፤ አንዱም አድራሻ የጠፋበት ዕቃ አድራሽ ነበር።

ዘንድሮ በሐምሌ ስብሰባ ተጠራ። አቶ ግርማቸው ተነሥቶ፣ «ይህ ነገር ይቅር» አለ። «ሰው ሥራ አለው፣ ሰው ስልክ አለው። ባዶ ወንበር ለማየት ነው እንዴ የምንለፋው? መቶ ወንበር ይደርደር፤ ከሞላ እሰየው፣ ካልሞላ በዚያው ይብቃ።» ሰው ሁሉ ጉልበቱን እያየ ዝም አለ። ዝምታን ከማንም አብልጬ አውቃታለሁ፤ ያቺ ዝምታ የመስማማት ነበረች። ያ ሣር ባዶ ሆኖ ሲቀር፣ እኔም ሰገነቴ ላይ ቆሜ ዜሮ ስጽፍ ታየኝ።

«ለእኔ ተዉልኝ» አልሁ።

እትዬ ዘነበች ዞራ ከኋላዬ ያለውን ግድግዳ አየች። «ማነው የተናገረው?»

«መምህር ናቸው» አለች ማክዳ። «ኢማጂን። እኔም ራዲዮ መስሎኝ ነበር።»

አቶ ግርማቸው ወደ እኔ ሳያይ፣ «መቶ ወንበር» አለ። ጉዳዩ በዚህ ተወሰነ።

እንግዲህ የጥፋቴን ሥር እነሆ አቀርባለሁ። አንድ ሰው የሕዝብ በዓል ለማዘጋጀት ቢያንስ አንድ የሕዝብ በዓል ቀርቦ ያየ መሆን አለበት። እኔ በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከዚያ ሠርግ በቀር የተገኘሁባቸው ስብሰባዎች ሁሉ ለቅሶዎች ነበሩ። ለቅሶ አልቀርም፤ እዚያ ማንም እንድናገር አይጠብቅብኝምና ይስማማኛል። ስለዚህ ድንኳን ሲባል፣ ወንበር ሲባል፣ የሰው አቀባበል ሲባል በአእምሮዬ የነበረው ሥዕል አንድ ብቻ ነበር፤ አንድ ብቻ መሆኑን ግን አላወቅሁም።

ድንኳን አከራዩ ቀይና ቢጫ የተሸነተረ፣ ደግሞም መጋረጃው እንደ ቬሎ የተንዘረፈፈ ነጭ ድንኳን አሳየኝ። «ረጋ ያለ የለህም?» አልሁት፤ ጥቁር አረንጓዴ ሸራ አወጣልኝ። በእሑድ ማለዳ በሣሩ ዳር አስተከልሁት። መቶውን ወንበር በሁለት ወገን ፊት ለፊት አድርጌ፣ መካከሉን ባዶ ትቼ ደረደርሁ። በር ላይ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ የስም መመዝገቢያ መዝገብና ብዕር አኖርሁ፤ ወንበሩ መሙላቱን ለአቶ ግርማቸው በጽሑፍ ለማሳየት ነበር። በስተ ውስጥ በሌላ ጠረጴዛ ላይ የደሴት አንጋፋ ነዋሪዎችን ፎቶግራፍ ለማሳየት አስቤ ሁሉም እንዲያመጡ ጠይቄ ነበር። በሰዓቱ የደረሰው ግን የእኔው ብቻ ነው፤ በወጣትነቴ የተነሣሁት ትልቅ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ፣ ፍሬምና መስታወት የገባለት። እትዬ ዘነበች የላከችው አበባም ሌላ ማስቀመጫ ስላልተገኘለት ከፎቶግራፉ ጎን ተቀመጠ።

ወደ ኋላ ቆሜ አየሁት። ሥርዓት ያለው፣ ክብር ያለው ነበር። እውነቱን ለመናገር ልቤ በኩራት ሞላ።

በዓሉ የሚጀምረው በስድስት ሰዓት ነበር። እትዬ ዘነበች ምግቡን ለማሰናዳት ምግብ ቤቷ፣ ማክዳ ለልጆች መጫወቻ ልትገዛ ገበያ፣ አቶ ተስፋይም ቅዳሴ ላይ ነበሩ። እኔ በሦስት ሰዓት የተከራየሁትን ባለ ባትሪ የድምፅ ማጉያ ከነማይክሮፎኑ ለማምጣት ወደ ዌስትላንድስ ሰፈር ሄድሁ። ስልኬ በዚያ ሳምንት ከዐሥራ አንድ ዓመት ይበልጥ ጮኾ ስለ ነበር አጥፍቼ ኪሴ ከተትሁት። በአርባ ደቂቃ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ነገር ግን በዚያ ቀን የብስክሌት ውድድር ኖሮ መንገዱ ተዘግቶ ኖሯል፤ በማታቱ ውስጥ ሦስት ሰዓት ያህል የአንድ ባንክ ግድግዳ ስመለከት ቆየሁ።

በዚህ መካከል የሆነውን በኋላ ነው አጣርቼ የተረዳሁት። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሁለት ሴቶች በደሴት በኩል ሲያልፉ ድንኳን አዩ። ጠጋ ብለው መዝገብ አዩ፤ ገባ ብለው የእኔን ፎቶግራፍና አበባ አዩ። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለበሱና ስልክ አወጡ። ወደ እኔ ደወሉ፤ ስልኬ ዝግ ነው። ወደ እትዬ ዘነበች ደወሉ። እርሷም ከጠዋት ጀምራ ስትደውልልኝ ስልኬ ዝግ ሆኖባት ሥጋት ገብቷት ስለ ነበር ወዲያው አመነች። «ለበዓሉ የተከለው ድንኳን ለራሱ ሆነ» አለች ይባላል። ይህች ዐረፍተ ነገር ከስልክ ወደ ስልክ ስትዞር ናይሮቢን በግማሽ ሰዓት አዳረሰች፤ እኔ ግን ከአንድ ባንክ ፊት አላለፍሁም ነበር።

በመጨረሻ ከማታቱ ወርጄ ቦዳ ቦዳ ያዝሁ። ካፊያ ስለ ነበር ሞተረኛው የዝናብ ካፖርትና የራስ ቁር ሰጠኝ። የድምፅ ማጉያውን እንደ ሕፃን ታቅፌ ደሴት ስደርስ ሰባት ሰዓት ሆኖ ነበር። መንገዱ በመኪና ተሞልቷል። በሩ ላይ የማላውቀው ተተኪ ዘበኛ ቆሟል።

«ፖሌ ሳና፣ ምዜ» አለኝ በስዋሂሊ፣ በጣም አዝናለሁ አባቴ ለማለት፣ በሐዘን አንገቱን ደፍቶ፣ መዝገቡንም አመለከተኝ።

ያጽናናኝ ስለ መዘግየቴ መሰለኝ። መዝገቡን ሳየው መቶ አርባ ሰባት ስም ተጽፎበታል። መቶው ወንበር ሞልቷል፤ ሞልቶም ፈሷል። መቶ አርባ ስምንተኛ ሆኜ ስሜን ጻፍሁ፤ ሥርዓቱን ያወጣሁት እኔ ነኝና ልጥሰው አልፈለግሁም።

ገባሁ። ከችኮላ የተነሣ ለሞተረኛው ሳልመልስ የቀረሁት ቁርና ካፖርት አሁንም በላዬ ነበሩ። ሴቶቹ ጥቁር ለብሰዋል፣ ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አውልቀዋል። መጀመሪያ ያሰብሁት፣ እነዚህ ሰዎች በዓል እንዲህ ነው እንዴ የሚያከብሩት የሚል ነበር። በመጨረሻው ረድፍ አንድ ሰውዬ ጠጋ ብሎ አስቀመጠኝና በእፍኙ ንፍሮ ዘረጋልኝ። «ይዝገኑ። ነፍስ ይማር።»

«የማንን?» አልሁ በቀስታ።

በአገጩ ፎቶግራፉን አሳየኝ። ቀና ብዬ ራሴን አየሁት፤ እርሱም በዚያ ዕድሜው የነበረውን ጠጉር ሁሉ ይዞ አየኝ። ንፍሮዬን ቀመስሁ። ጨው ጎድሎታል።

ወዲያው ተነሥቼ አለሁ ማለት ነበረብኝ። ግን የሰው ልጅ ደካማ ነው፤ ከፊቴ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች ስለ እኔ ማውራት ጀመሩ።

«ምን ሆነው ነው?»

«አንዳንዱ ልባቸው ነው ይላል፤ አንዳንዱ ደም ግፊት። እኔን ከጠየቅሽኝ ብቸኝነት ነው።»

«ዝምተኛ ነበሩ አሉ።»

«ዝምተኛማ ግድግዳም ዝምተኛ ነው። ሰኞ እንዴት አደሩ ብያቸው መልሱን ያገኘሁት ረቡዕ ነው።»

«ተይ እንጂ፣ እያዩን ነው» አለች ሌላዪቱ፣ ወደ ፎቶግራፉ እየጠቆመች። «ደግሞ ልጄ ካርታ መሳል ያቃተው ጊዜ ደረጃው ላይ ተቀምጠው አሳይተውታል። አንድ ቃል ሳይናገሩ። በጣት ብቻ።»

«እሱስ እውነት ነው» አለች ያችኛዋ፣ አፍንጫዋንም በነጠላዋ ጠረገች።

በዚህ ጊዜ አቶ ተስፋይ መቀመጫ ፍለጋ ወደ ኋላ መጣ። ከቁሩ ሥር ዓይኔን አየ። ቆመ። ከዚያ አጠገቤ ቀስ ብሎ ተቀመጠና ፊት ለፊት እያየ፣ «አንተ ሰው፣ ሞተሃል እኮ» አለ።

«ሰምቻለሁ።»

«ከቅዳሴ ወጥቼ እስካሁን አልቅሻለሁ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

«ዋይ፣ ምን ይስጥልኝ ትላለህ። ሐሙስ የጀመርነው ዳማ እኔ ነበርኩ የማሸንፈው። እንዲህ አድርገህ ታመልጠኛለህ ብዬ ነው ያለቀስኩት።» መሐረቡን ጨምቆ አሳየኝ። «ተነሥ በል፣ ተናገር።»

«ግርማቸው ሊናገር ነው። ይጨርስ።»

አቶ ግርማቸው በእርግጥም ተነሥቶ በፎቶግራፉ ፊት ቆሞ ነበር። ጀርባው ወደ እኔ ነው። ድምፁ እንደ ወትሮው አልነበረም።

«ወገኖቼ፣ እኔና መምህር አራት ዓመት አልተነጋገርንም። ጥፋቱ የኔ ነው። ሰው ፊት ስለታረምሁ አኮረፍሁ። ይህ በዓል ይቅር ብዬ የተናገርሁትም እኔ ነኝ። ያ ዝምተኛ ሰው ለእኔ ተዉልኝ ሲል በልቤ ሳቅሁበት፤ ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ እያወራሁ ሳቅሁ።» እጁን በፎቶግራፉ ላይ አኖረ። «ዛሬ በፊታችሁ ቃል እገባለሁ። በሕይወት እስካለሁ የደሴት ቀን በየዓመቱ ይከበራል። ወንበሩን ራሴ እደረድራለሁ።»

«አሜን» አለ ድንኳኑ በሙሉ።

አንባቢ ሆይ፣ በዚያች ደቂቃ ጉዳዬ ሁሉ ተፈጽሞ ነበር። ወንበሩ ሞልቷል፤ በዓሉ ድኗል፤ ባላጋራዬ ታርቆኛል። ብልህ ሰው ቢሆን በሸራው ሥር ሾልኮ ወጥቶ፣ ቀሪ ዘመኑን በሙሉ በናኩሩ ከተማ በስውር ይኖር ነበር። እኔም ይህን በቁም ነገር እያሰብሁ ሳለ አቶ ግርማቸው ቀጠለ።

«እንዳረመኝም ታርሜያለሁ። ልክ እሱ እንዳስተማረን፣ የጣና ወንዝ ከእኛ ሐይቅ አይነሣም። የጣና ወንዝ የሚነሣው ከኬንያ ተራራ ነው።»

ታገልሁ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ታገልሁ። የድምፅ ማጉያውን በጭኖቼ ጨምቄ፣ ማይክሮፎኑን በሁለት እጄ አንቄ፣ ከንፈሬን ነክሼ ታገልሁ። በትግሉ መካከል ማብሪያውን ሳልነካው አልቀረሁም።

«ከአበርዴር ነው» አለ ድምፄ፣ ድንኳኑን ሞልቶ። «የኬንያ ተራራ ገባሮችን ይሰጠዋል እንጂ ዋናው ምንጭ ከአበርዴር ተራሮች ነው።»

አንድ ወንበር ወደቀ። የንፍሮ ሳህን ተደፋ። አንድ ሰውዬ ባርኔጣውን አጠለቀ፣ መልሶ አወለቀ። አቶ ግርማቸው ወደ ኋላው አልዞረም፤ ፎቶግራፉን ትክ ብሎ እያየ በትሕትና ራሱን ነቀነቀ።

«እሺ» አለው። «ከአበርዴር።»

በአራት ዓመት ውስጥ የተለዋወጥነው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር።

ቀድመው ያዩኝ ከቲካ የመጡት እማማ ናቸው። «ይሄ ቁር ያደረገው» አሉ፣ «የሞተው ሰውዬ አይደለም?»

ቁሩን አወለቅሁ። «እኔው ነኝ፣ እማማ።»

«ታዲያ የሞተው ማነው?»

«እስካሁን ባለኝ መረጃ፣ ማንም።»

ማክዳ እየሮጠች መጥታ አንገቴን አነቀችኝ። «ጋሼ፣ አር ዩ ሲሪየስ? ሜካፔ በሙሉ ፈሰሰ እኮ።» ሌሎቹ እንደ እርሷ አልሆኑም። «ተጫወተብን» አለ አንዱ። «ክፉ ምልክት ነው» አለች ሌላዋ። ሰዎች መነሣት ጀመሩ። አቶ ግርማቸው አሁን ዞሯል፤ ፊቱ እንደ ሸራው ጠቁሯል።

«እኔ ቃሌን የሰጠሁት ለሙት ነው» አለ። «በቁሙ ላለ ሰው አልሰጠሁም። ቃሌን አንሥቻለሁ።»

«አያነሡም» አለች እትዬ ዘነበች ከተቀመጠችበት። ዓይኗ አብጦ፣ ድምጿ ግን የሊቀ መንበር ነበር። «ቃሉን የሰጡት ለእኛ ነው፤ አሜን ያልነውም እኛ ነን። እኛ ደግሞ አልሞትንም።»

«አታለለን እኮ፣ ዘነበች።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ማይክሮፎኑ አሁንም በእጄ ነበር፤ አጥፍቼ አስቀመጥሁት።

«አላታለልኋችሁም» አልሁ። «ድንኳኑን የተከልሁት እኔ ነኝ፤ ወንበሩንም እንዲህ የደረደርሁት እኔ ነኝ። በዓል እንዴት እንደሚሰናዳ አላውቅም። ሁላችሁንም በአንድ ላይ አይቼ የማውቀው በለቅሶ ብቻ ነው። ያየሁትን ሠራሁ። እንድትመጡ ነበር የፈለግሁት።»

ዝናቡ በሸራው ላይ ይሰማ ነበር። አቶ ግርማቸው ፊት ለፊት የተፋጠጡትን ሁለት ረድፎች ተመለከተ፤ መዝገቡንም፣ አበባውንም።

«ሰውዬው ወንበር መደርደር እንኳ አይችልም» አለ በመጨረሻ፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ኮቱን አወለቀ። አንድ ወንበር በቀኝ፣ አንድ በግራ አነሣና ወደ ሣሩ አዙሮ አስቀመጠ። ተመልሶ መጥቶ ሁለት አነሣ። «ምን ትመለከተኛለህ?» አለኝ ሦስተኛው ዙር ላይ። «ያዝ እንጂ በዚያ በኩል።»

ያዝሁ። አቶ ተስፋይም ያዘ፤ «ሬሳ ሲሠራ አየሁ» እያለ።

የተቆጡት ሄዱ፤ አልፈርድባቸውም። ከሄዱት አንዲት ሴት ንፍሮዋን ጭምር ይዛ ሄደች። ከቲካ የመጡት እማማ ግን፣ «ሁለት ማታቱ ቀይሬ መጥቼ፣ አልቅሼ ብቻ ልመለስ?» አሉና ነጠላቸውን አቃንተው ለበሱ። እርሳቸውን አይተው ሌሎቹም አቃኑ። እትዬ ዘነበች ድስቶቿን አስወረደች። ለሐዘንተኛ ተብሎ ከየቤቱ የመጣው ምግብ ከበዓሉ ምግብ ጋር ሲደመር ጠረጴዛ አነሰ፤ ፎቶግራፌን አንሥተው በቦታው ዶሮ ወጥ አኖሩ። ልጆቹ በካፊያው ሣሩ ላይ ሮጡ። ዘበኛው የማንም ሐዘን እንዳልሆነ ሲነገረው አመነታና፣ «ፖሌ» ማለቱን ትቶ ሳህን ተቀበለ። ያቺ የሰኞዋ ሴት አጠገቤ መጥታ፣ «እንዴት ዋሉ፣ መምህር?» አለችኝ፤ እኔም በዚያው ዕለት፣ ያውም በዚያው ደቂቃ፣ «ደህና» አልኋት።

ካፊያው ሲያባራ ስንቱ እንደ ቀረ ማወቅ ፈለግሁ። ማክዳ በየወንበሩ መካከል እየዞረች፣ የቆሙትን በጣቷ፣ ልጆቹን በጩኸት እያስቆመች ቆጠረችልኝ። «ዋን ሰቨንቲን፣ ጋሼ። መቶ አሥራ ሰባት።» እንድትደግም አዘዝኋት፤ ደገመች፤ ያው ሆነ። ራሷን እንዳልቆጠረች አየሁ፤ እኔንም እንደዚሁ። መቶ ዐሥራ ዘጠኝ ሆነን ቀርተናል።